የሰዓት ሠሪው ጣት

ሰዓት ሠሪው በሞተ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ የሬሳ ክፍሉን በር ገፍታ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ፊቱን ነው። ጥርት ተደርጎ ተላጭቷል። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ የከረመ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሳይሆን እንግዳ ሊቀበል የተሰናዳ ሰው ይመስላል። ከግራ አፍንጫው ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ጉንጩ ላይ በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ሐኪሙ ማንም እንዳይነካው ስላዘዘ ቱቦው ነፍሱ በወጣችበት ሰዓት እንደነበረው ነው።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣላት።

«ጨጓራው ይህ ነው» አለ ጣቱን ታች አድርጎ። «ቱቦው መድረስ የነበረበት እዚህ ነው። ያለው ግን እዚህ ነው።» ጣቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀኝ ሳንባው ላይ ቆመ። «የትናንት ምሳውን ሳንባው ውስጥ ነው ያፈሰሱለት።»

«ሲገባ አላሳለውም?»

«ስትሮኩ ጉሮሮውን አደንዝዞታል። ደህና ሰው ቢሆን ክፍሉን በሳል ያናውጠው ነበር።»

ሰዓት ሠሪው ስትሮክ ከመታው ወዲህ መዋጥም መናገርም አይችልም ነበር። በቀን አራት ጊዜ ፈሳሽ ምግብ የሚሰጠው በዚያ ቱቦ ነው። ቱቦ ደግሞ ዓይን የለውም፤ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ወደ ጨጓራም ወደ ሳንባም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ምግብ ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ ይፈተሻል። በሲሪንጅ ትንሽ ፈሳሽ ይሳብና መለኪያ ወረቀት ላይ ጠብ ይደረጋል፤ ወረቀቱ ቀለሙን ቀይሮ ቁጥር ይናገራል። ጨጓራ ኮምጣጣ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከአምስት ተኩል ካለፈ ምግብ አይሰጥም። በሟቹ ካርድ ላይ፣ በትናንቱ የስድስት ሰዓት መስመር፣ «አራት» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ የክፍሉ ጀማሪ ነርስ፣ ሁሉም «ትንሿ ሲስተር» የሚሏት ልጅ፣ ፈርማበታለች።

«ምልክቱም ቦታው ላይ ነው» አለ ሐኪሙ። ቱቦው አፍንጫውን በሚነካበት ቦታ ላይ፣ ሃምሳ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበታል። «ቁጥሩ ልክ፣ ርዝመቱ ልክ፣ ቱቦው ግን ሳንባ ውስጥ። ወይ ከተፈተሸ በኋላ ሰው ነካክቶታል፣ ወይ ወረቀቱ ይዋሻል።»

«ወረቀት ምን ያውቃል» አለች መርማሪዋ። «የሚዋሸው ሰው ነው፤ ወረቀት አደራ ይዞ ይቆያል እንጂ።»

ጎንበስ ብላ የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሯ አነሣችና ከሥሩ ያለውን ቆዳ በጣቷ ዳሰሰች። ለስላሳ ነው። ቀጥላም ባዶውን የቀኝ አፍንጫ በባትሪ አየች። ጫፉ ላይ የከረመ ቀይ ቁስል አለ። የካርዱን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ አነበበችና ዘጋችው። ያየችውን እዚያው የምታወራ ሴት ብትሆን ኖሮ ሌላ ሥራ በያዘች ነበር።

የተላከችው ከጤና ቢሮ ነው፤ ጊዜዋም አጭር ነበር። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ለፖሊስ «እስከ አሥር ሰዓት መልስ እንሰጣችኋለን» ብሏል። መልሱንም በሆዱ ከወሰነው ቆይቷል፤ ትንሿ ሲስተር ነጭ ጋውኗን አውልቃ እንድትጠብቅ ታዝዛለች። የሟቹ ሴት ልጅ ገዳይዋ ካልታሰረች አባቴን አልቀብርም ብላ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች። መሥሪያ ቤት ጥፋት ሲገኝበት ሸክሙን የሚለካው በትንሹ ትከሻ ልክ ነው፤ ይህ የትም አንድ ነው። አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በአሥር ሰዓት ወይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ወይ ወደ ጣቢያ።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። መርማሪዋ እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ግድግዳው ያኔም እንዲህ ፈዛዛ አረንጓዴ ነበር። አልጋ ሦስትን ስታልፍ እግሯ በራሱ ጊዜ ራቅ አለ። ጆሮዋ ውስጥ አንድ የምታውቀው ድምፅ መጣ፦ የሲሪንጅ አየር ሲገፋና ሆድ ሲያጉረመርም። ማንም ሲሪንጅ አልያዘም። ቆም ብላ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ሁልጊዜም ያልፋል፤ ተመልሶ ይመጣል እንጂ።

ትንሿን ሲስተር ዕቃ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ አገኘቻት። የታጠፈውን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች።

«መለኪያ ወረቀቱን አሳዪኝ።»

ልጅቷ በርጩማ ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ አንድ ሣጥን አወረደች። ክዳኑ ላይ አቧራ ነበረበት። መርማሪዋ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ልጅቷም ቆማ አብራት በከንፈሯ ቆጠረች።

«መቶ ይላል። ያለው ዘጠና ዘጠኝ ነው። አንዷ የት ሄደች?»

«እኔ ተጠቀምኩባት። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ክፍሉ ሳቀብኝ። በወረቀት የምትሰማ ልጅ መጣች ተባለ።»

መርማሪዋ የምግብ መዝገቡን ሳበች። የዚህ ወር፣ ያለፈው ወር፣ ከዚያ በፊት ያለው፤ አልጋ አንድም፣ አልጋ አራትም፣ አልጋ ስድስትም። አራት፣ አራት፣ አራት። የሰው ልጅ በምንም ነገር እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም፣ ሆዱ ደግሞ ጭራሽ።

«አራት ማለት ምን ማለት ነው እዚህ ቤት?» አለች በቀስታ።

ልጅቷ አንሶላውን እንደገና ማጠፍ ጀመረች። መርማሪዋ ጥያቄዋን ሦስት ጊዜ በተለያየ መንገድ ብታመጣውም ያገኘችው አንድ መልስ ብቻ ነበር። «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፤ ሌላ ስም ከአፏ አልወጣም።

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለች፣ ሦስት ትውልድ ነርስ ያሠለጠነች ሴት ናት። ቱቦ የምትፈትሸው በጆሮዋ ነው፤ በሲሪንጅ አየር ታስገፋና ማዳመጫዋን ሆድ ላይ አድርጋ የአየሩን ጉርምርምታ ትሰማለች። ያን ጊዜ «ጸጥታ!» ትላለች። በሽተኛው ማቃሰቱን፣ ጠያቂው ወሬውን፣ ጽዳቷ መጥረጊያዋን ያቆማሉ። ስሟ «እትዬ ጸጥታ» ሆኖ የቀረውም በዚሁ ነው፤ ጥሪው ግን ፍቅርም አለበት። ወደ ቤት ለሚሄድ በሽተኛ ቤተሰብም ይህንኑ ታስተምራለች። ወረቀት ያልቃል፣ ጆሮ ግን አያልቅም ትላለች።

«ትናንት በስድስት ሰዓት እኔ ራሴ ሰምቻለሁ» አለች መርማሪዋን ቀጥ ብላ እያየች። «ጨጓራው ውስጥ ነበር። ልጅቷ አትዋሽም፣ እኔም አልዋሽም። ከሰማሁ በኋላ ሰው ነክቶታል።»

«ማን ይመስልዎታል?»

«ወንድ ልጁ። ባለፈው ሳምንት በመጣ ቀን ‹ሰው በቧንቧ እየበላ ከሚኖር ቢሞት ይሻለዋል› ብሎ የለ? ሁላችንም ሰምተናል።» ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «አንቺን የሆነ ቦታ አውቅሻለሁ።»

«ብዙ ሰው እመስላለሁ» አለች መርማሪዋ፣ ማስታወሻዋ ላይ አቀርቅራ። ትናንት ጠዋት የት እንደነበረች ስትጠይቃት፣ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ከሐኪሙ ጋር ስብሰባ ላይ እንደነበረች ነገረቻት። ሐኪሙም ያንኑ አረጋገጠ፤ እንዲያውም ስብሰባው ላይ እንቅልፍ ያልወሰዳት ብቸኛዋ ሰው እሷ ነበረች አለ።

አልጋ አምስት ላይ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ አናጢ ተኝቷል። ከሟቹ አልጋ፣ ከአልጋ ስድስት፣ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ከጣራ የወደቀው ሥራ ላይ ሆኖ ሳይሆን የጎረቤቱን ግቢ ሲያይ መሆኑን ሳይጠየቅ ይናገራል።

«መጋረጃ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም፣ ልጄ» አላት። «ሁሉንም እነግርሻለሁ። ጠዋት ምግቡን በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰጡት፤ ሰላም ነበር። ከዚያ ሴት ልጁ ውኃ አመጣች። ሲላጭ ሰማሁ፤ ምላጭና እንጨት መላጊያ ድምፃቸው አንድ ነው። ከዚያ ትንሽ አነቀው መሰለኝ፣ እህ እህ አለ። ከዚያ እትዬ ጸጥታ መጣች።»

«በስንት ሰዓት?»

«አራት ሰዓት ግድም። ድምፅዋን አላነሣችም፣ በሹክሹክታ ነው ‹ጸጥታ› ያለችው። እኔም የጀመርኩትን ማዛጋት መለስኩት።»

«ከዚያስ?»

የአናጢው ፈገግታ ጠፋ። «ከዚያ ጣቱ። የአልጋውን ብረት ይመታል። አንዴ መትቶ ዝም፤ አንዴ መትቶ ዝም። ሰዓት ሠሪ አይደል፣ ሰዓት መሆኑ ነው አልኩ። እስከ ምሳ አላቆመም። በስድስት ሰዓት እትዬ ስትመጣ ነው ቀጥ ያለው። ዛሬ ጠዋት ስነቃም ሰማሁት። ማን እንደሚመታው አትጠይቂኝ፤ አልጋው ባዶ ነው።»

የሟቹ ሁለት ልጆች ኮሪደሩ ላይ በሁለት ጫፍ ተቀምጠዋል። ሴቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጭኗ ላይ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ አስቀምጣለች። አባቷ ዛሬ ወደ ቤት ሊገባ ነበር፤ ሸሚዙ ለዚያ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአጠገቡ አልራቀችም። እሱን የላጨችው፣ የቆሸሸውን ፕላስተር የቀየረችው እሷ መሆኗን ሳትደብቅ ተናገረች። አባቷ የሚግባባው በጣቱ እንደነበርም አስረዳች። አንዴ ከመታ አይሆንም ነው፣ ሁለቴ ከመታ እሺ። ይህን መላ ያገኘችው እሷ ናት። ወሬዋ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ግን ትንሿ ሲስተር ላይ ነበር።

«ያቺ ልጅ ናት የገደለችው» አለች ሸሚዙን እየደባበሰች። «የፈረመችው እሷ ናት። ደህና ነበር፤ እንደ ጉድ ደህና ነበር።»

ወንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከአባቱ ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አባትየው ሱቁን እንዲረከብለት ፈልጎ ነበር፣ እሱ ደግሞ ዕድሜዬን በትንንሽ የሰዓት ጥርስ ላይ አጎንብሼ አልጨርስም ብሎ ወጣ። ትናንት በአምስት ሰዓት፣ በሥራ መሀል፣ አውቶቡሱን ለረዳቱ ትቶ መጥቶ ነበር። አምስት ደቂቃ ቆየ።

«ዓይኑ ዕንባ ሞልቶ ነበር» አለ። «እህቴ የደስታ ነው አለችኝ፣ ነገ ቤት ስለሚገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና፣ አባዬ፣ መጥቻለሁ አልኩት።»

«እሱስ?»

ሾፌሩ ኮፍያውን አጣምሞ ጨመቀው። «አንዴ መታ። እንደገና ደግሞ አንዴ። ደጋገመው። እህቴ ሰዓት መቁጠሩ ነው አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ገብቶኛል። አልፈልግህም ነው ያለኝ። ተነሥቼ ሄድኩ። ሌሊቱን ሲመታ ሰማሁት፤ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አድርጌም ሰማሁት።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። የሚያስፈልጋት ሁሉ እጇ ገብቷል፤ ደስ ግን አላላትም። እዚያ ወንበር ላይ ትንሽ ቆየች፣ ከሾፌሩ አጠገብ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም አልጋ ስድስት ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሐኪሙ መስኮቱ ጋ፣ ሁለቱ ልጆች ከግርጌ ወዲያና ወዲህ፣ ትንሿ ሲስተር ጋውኗን ክንዷ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ቆሙ። አናጢው አልጋው ላይ ነው፤ መጋረጃው ደረቱ ላይ ተጋርዶ ከሆዱ ጀምሮ ወደ ታች ብቻ ይታያል። መርማሪዋ ከመጋረጃው ወዲያ ራስጌው ጋ ሆና የቱቦ አንድ ጫፍና ሲሪንጅ ይዛለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ይርዱኝ» አለች። «ቱቦ አለ፤ የት እንደደረሰ ይንገሩን።»

ኃላፊዋ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የአናጢውን ሆድ ፈለገች። «ጸጥታ» አለች፤ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። መርማሪዋ አየሩን ገፋች። ኃላፊዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ እንደገና አስገፋች፣ እንደገና ሰማች።

«ጨጓራ ነው። ጥርት ያለ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት እርግጠኛ ነኝ።»

መርማሪዋ መጋረጃውን ሳበችው። የአናጢው አፍንጫ ውስጥ ምንም የለም። የቱቦው ሌላ ጫፍ ትንሽ ውኃ ባለበት የላስቲክ ጓንት ውስጥ ገብቶ ታስሯል፤ ጓንቱ የአናጢው ደረት ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ተቀምጧል።

«እኔ አፌን እንድይዝ ታዝዤ ነው» አለ አናጢው። ማንም አልሳቀም።

ኃላፊዋ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አላወረደችም። መርማሪዋ ድምፅዋን ሳታነሣ ቀጠለች።

«ድምፅ ይዞራል። ደረት ውስጥ የተነፋው ሆድ ላይ ይሰማል። ስለዚህ ትናንት በስድስት ሰዓት እትዬ የሰሙት ውሸት አይደለም፤ ግን ምንም አልነገራቸውም። ቱቦው ያን ጊዜም ሳንባ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የነካው ሰው የለም፤ ወንድ ልጁ በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ ላይ ነው።»

«አራትስ?» አለ ሐኪሙ።

«ከመቶው ወረቀት የጎደለው አንድ ነው፤ እሱም ድሮ። አራት የተለካ ቁጥር አይደለም። በዚህ ክፍል ቋንቋ ‹እትዬ ሰምተዋል› ማለት ነው። ቅጹ ቁጥር ይፈልጋል፣ እነሱም ይሞሉለታል።»

ትንሿ ሲስተር አንገቷን ደፋች። ኃላፊዋ ግን ያን ጊዜ ተናገረች። «ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ። ሁሉንም ጻፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዉአት።»

«የጠዋቱ ምግብ ሰላም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ቱቦው ከአሥራ ሁለት እስከ ስድስት ባለው ጊዜ ውስጥ ወጥቶ እንደገና ገብቷል። ርዝመቱን አትመኑት፤ መስመሩ ምን ያህል እንደገባ ይናገራል እንጂ የት እንደሄደ አይናገርም። እኔ ያየሁት ፕላስተሩን ነው። ከሥሩ ያለው ጉንጭ ተላጭቷል። ፕላስተር ተለጥፎ ከሥሩ መላጨት አይቻልም። ሌላ ደግሞ አለ። ካርዱ ላይ ቱቦው በቀኝ አፍንጫ ገባ ይላል፤ ቁስሉም ቀኙ ላይ ነው። እኔ ያየሁት ቱቦ ግን በግራ ነው። ካርዱን ሁሉም አንብቧል፤ ፊቱን ያየው ግን የለም።»

ሴቷ ልጅ ሸሚዙን አጥብቃ ይዛለች።

«አናጢው በአራት ሰዓት ‹ጸጥታ› የሚል ሰምተዋል። እትዬ ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እሳቸው የሚሉትን የሚል፣ እሳቸው እንደሚሰሙት የሚሰማ፣ እሳቸው ያስተማሩት ሌላ ሰው ከመጋረጃው ወዲያ ነበር።»

ክፍሉ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ማንም ሳያዘው።

«ሰምቼዋለሁ» አለች ሴቷ ልጅ። የምትናገረው ለኃላፊዋ ነበር። «እትዬ፣ እንዳስተማሩኝ ነው ያደረግኩት። ፕላስተሩ ረጥቦ ሲለቅ ቱቦው እጄ ላይ ወጣ። ዓይኔ እያየ ወጣ። መጀመሪያ ሲያስገቡለት ለሁለት ይዘውት፣ ደም ፈስሶት፣ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ደግሜ ላሳየው አልቻልኩም። ደግሞ ነገ ቤት ሊገባ ነው፤ ቱቦው ወጣ ከተባለ ያስቀሩታል። ቀኙ ቆስሏል ብዬ በግራ አደረግኩለት፣ ቀስ አድርጌ። መስመሩ ድረስ አስገባሁ። ቁም ሣጥኑ ላይ ማዳመጫው ነበር። አየሩን ገፋሁ፤ ሰማሁት። ጉርር አለ። ካልሰማሁ ለምን አልጠራም ነበር?»

«አባትሽ ምን አሉ?»

«አባዬ መናገር…» ብላ ጀመረችና አቆመች። እጇ ወደ አልጋው ብረት ሄደ፤ ሳይነካው ቀረ። «አንዴ መታ። አለቀ አባዬ፣ አለቀ አልኩት። ቱቦውን ስለሚጠላው ነው ብዬ። ሰዓት ነው ብዬ። እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኩት፤ አንዴ አይሆንም ነው።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ አይሆንም ብሏል» አለች መርማሪዋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ባልተናገረች፤ ግን ይህን ቃል የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበር። ወደ ሾፌሩ ዞረች። «አንተ ከመምጣትህ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ይመታ ነበር። ከሄድክም በኋላ መታ። አይሆንም ያለው ቱቦውን ነው።»

ሾፌሩ ቀና አለ። «እኔን አይደለም?»

«አንተን አይደለም።»

ኮፍያውን አልጋው ላይ ጣለና ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ አልጋውን ዞሮ ሄዶ እህቱን አቀፋት። እሷ ቆማ ቀረች፤ ሸሚዙ በሁለቱ መሀል ተጨማደደ።

«በስድስት ሰዓት ጣቱ ቀጥ ያለው በራሱ አይደለም» አለች ትንሿ ሲስተር፣ በቀኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠየቅ ተናግራ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። «እኔ አይቻለሁ። እትዬ ለማዳመጥ ብለው… እጁን ያዙት። እንዳይረብሽ።»

ኃላፊዋ ቀኝ እጇን አየችው። መዳፏን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። ከዚያ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ላይ ስትቀመጥ ያያት የለም።

መርማሪዋ ለሐኪሙ የምትጽፈውን ነገረችው። ትንሿ ሲስተር ያላየችውን ቁጥር በመፈረሟ ትጠየቃለች፣ እሱም በመሥሪያ ቤቱ እንጂ በጣቢያ አይደለም፤ ገዳይ ተብላ የምትሄድበት ቦታ የለም። ሣጥኑ ዛሬውኑ ከላይኛው መደርደሪያ ወርዶ በየአልጋው ይሰጣል። ወረቀቱ አልፈርድ ሲል ራጅ ይነሣል። ሐኪሙም ራሱ፣ ሁሉም አልጋ ለወራት አራት ሲል አንድ ቀን አለመጠየቁ በስሙ ይጻፋል። ለሴቷ ልጅ የሚጻፈው ያው የሆነው ነው፤ በሕግ የሚመጣውን ሕግ ያውቃል፣ የተቀረውን ግን ማንም አይቀንስላትም። ትንሿ ሲስተር ጋውኗን ይዛ ቆማ ነበር። መርማሪዋ ከክንዷ ወስዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ልጆቹ ወደ ሬሳ ክፍሉ ወረዱ። ሸሚዙን ወንድየው ይዞታል። አናጢው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ኃላፊዋ አሁንም አልጋ ስድስት ላይ ናት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መርማሪዋ ጸሎት መስሏት ልታልፋት ነበር፤ ቀረብ ስትል ቁጥር ሆኖ አገኘችው።

«አልጋ አራት፣ ያቺ አስተማሪ። የሳንባ ምች አልን። አልጋ አንድ፣ ሽማግሌው ወታደር። የሳንባ ምች። አልጋ አምስት፣ መንታዎቹን የወለደችው። የሳንባ ምች ነው ያልነው። አልጋ ስድስት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት…» ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ የነበረው ኩራት ሁሉ ፈሶ አልቋል። «ስንት ናቸው? ሁሉም ደህና ድምፅ ነበራቸው። ስንት ናቸው እነዚህ?»

መርማሪዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አልጋ ሦስትን አልጠሩም» አለች። «ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጥልፍ ሠሪዋ። እርስዎ ሰሙ፤ አየሩን የገፋሁት እኔ ነበርኩ።»